ለአትክልት መደብ የሚሆን እንጨት፦ የሚበሰብሰውና የሚመርዘው

ከፍ ያለ የአትክልት መደብ (ዙሪያው በጣውላ ታጥሮ አፈር የሚሞላበት) መሥራት የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የማይበሰብሰው እንጨት የትኛው ነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት “እዚህ እንጨት ውስጥ ምን ገብቷል?” የሚለው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የበሰበሰ ጣውላ ዓይን ላይ ነው። ስትነኩት ይፈረፈራል፣ ትነቅሉታላችሁ፣ በሌላ ትተኩታላችሁ፣ አለቀ። አፈር ውስጥ የገባ አርሴኒክ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓመት ቢቆጠርም በስብሶ አይጠፋም። አፈሩን ዝቆ ከማውጣት በቀር ቀላል መላ የለውም። ስለዚህ መበስበስ የወጪ ጉዳይ ነው፣ መርዝ ደግሞ የጤና። ሁለቱን አንድ ላይ ስንደባልቃቸው ነው “እንዳይበሰብስብኝ” ብለን መርዝ የጠጣ እንጨት ጎመናችን አጠገብ የምናቆመው።

እንጨት ለምን ይበሰብሳል?

እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ አራት ነገር ካልተሟላለት አይሠራም፦ ምግብ፣ ሙቀት፣ አየርና እርጥበት። ምግቡ እንጨቱ ራሱ ነው። ለአትክልት የሚስማማ ሙቀት ለእሱም ይስማማዋል። ስለዚህ ወሳኞቹ አየሩና እርጥበቱ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለ ቁም ሣጥን ዕድሜ ልክ የሚቆየው ደረቅ ስለሆነ ነው። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገስ አይበላውም። ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሰመጠ ግንድም ለረጅም ዘመን ይቆያል፣ አየር የለማ!

የመደብ ጣውላ ግን ሁለቱም ዕድል የለውም። በአንድ ጎኑ እርጥብ አፈር ተደግፎታል፣ በሌላው ጎኑ ነፋስ ይነካዋል። ለፈንገስ ከዚህ የበለጠ ድግስ የለም። የወደቀ የአጥር ምሰሶ አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከመሬቱ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ ላይ ነው። ከላይ ያለው ይደርቃል፣ በጥልቀት የተቀበረው አየር ያጥረዋል፣ መሐል ላይ ያለው ግን ሁሉንም ያገኛል። መደብ ማለት እንግዲህ ሙሉ ቁመናው ያ መሐል ቦታ የሆነ ነገር ነው።

ጣውላውን አዙራችሁ ጫፉን እዩ

የእንጨት መሸጫ ቦታ ስትሄዱ የጣውላውን ፊት ብቻ አትዩ። ተቆርጦ ያለቀበትን ጫፍ እዩ። የእድገት ቀለበቶቹ እንደ ቅስት ተደርድረው ይታያሉ። በብዙ ዛፎች ላይ ሁለት ቀለም ትለያላችሁ፦ ወደ ግንዱ መሐል የነበረው ጠቆር ወይም ቀላ ያለ ነው፣ ወደ ቅርፊቱ የነበረው ነጣ ያለ ነው።

የጠቆረው የእንጨቱ ልብ ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ይህንን ክፍል ውኃ ማመላለሻ ማድረጉን ትቶ፣ ሙጫና ታኒን የመሳሰሉ ፈንገስና ነፍሳት የማይወዷቸውን ነገሮች ሞልቶበታል። ነጣ ያለው ክፍል ግን ውኃና ስኳር ሲመላለስበት የነበረ ነው። ተከላካይ ነገር የለውም። የዛፉ ስም የቱንም ያህል የከበረ ይሁን፣ ነጩ ክፍል መሬት ሲነካ ቶሎ ይሄዳል። “ይህ እንጨት አይበሰብስም ተብዬ ገዝቼ በሁለት ዓመቱ አለቀ” የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። ዛፉ ትክክል ነበር፣ የተሰጠው ጣውላ ግን ከጠርዙ የተሰነጠቀ ነጭ ነው።

አውሮፓውያን እንጨት በተፈጥሮው መበስበስን የሚቋቋምበትን አቅም በአምስት ደረጃ የሚከፍሉበት መስፈርት አላቸው፣ ኢኤን 350 ይባላል። መለኪያው የእንጨቱ ልብ ብቻ ነው። ለአንደኛ ደረጃ የሚሰጠው የተለመደ ግምት መሬት ውስጥ ተተክሎ ከ25 ዓመት በላይ፣ ለአምስተኛ ደረጃ ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ነው። ግምቱ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ካስማ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ በሆነ አገር ያጥራል። ቲክ አንደኛ ላይ ነው። ሮቢኒያ አንደኛና ሁለተኛ መካከል ይቀመጣል። ኦክና ቼስትነት ሁለተኛ አካባቢ ናቸው። ቀይ ሴዳር እንዳደገበት ቦታ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። ላርችና ዳግላስ ፈር ሦስተኛና አራተኛ ላይ ይዋዥቃሉ። ስፕሩስ አራተኛ፣ ፖፕላርና በርች ደግሞ መጨረሻ ላይ ናቸው።

ለእኛ ጆሮ ከሚቀርቡት ዛፎች ውስጥ ጽድ የታወቀ ነው፤ ልቡ ብስባሴንም ምስጥንም ይቋቋማል፣ ለአጥር ምሰሶ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ዝግባ በአንጻሩ ለቤት ውስጥ ሥራ ውብ ነው፣ እርጥብ አፈር ላይ ግን አይቆይም። ባሕር ዛፍ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ700 በላይ ዝርያ አለው። ከዓለም ጠንካራ እንጨቶች የሚመደቡ አሉበት፣ ቶሎ የሚበሰብሱም አሉበት። በዚያ ላይ በወጣትነቱ የተቆረጠ ቀጭን ባሕር ዛፍ አብዛኛው አካሉ ያ ነጩ ክፍል ነው። ስለዚህ “ባሕር ዛፍ ነው” መባሉ ብቻ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም።

በኬሚካል የታከመ እንጨት

ብዙ ሰው የሚፈራውም የሚምታታበትም ይሄ ነው። የታከመ እንጨት ብዙ ዓይነት አለው፣ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ነው።

አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። እንጨቱ ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ይገባና ይዘጋበታል። አየሩ ተስቦ ይወጣል። ከዚያ ፈሳሽ ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ እንጨቱ ውስጥ ይገፋል። የሚለያየው ፈሳሹ ነው።

ለአሥርት ዓመታት ገበያውን ይዞ የኖረው ሲሲኤ የሚባለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሕንድ ውስጥ የተፈለሰፈ። ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ነው። መዳቡ ፈንገስን፣ አርሴኒኩ ነፍሳትን ይገድላል፣ ክሮሚየሙ ሁለቱን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃል። ሥራውን በደንብ ይሠራል፣ ችግሩ ማጣበቁ ፍጹም አለመሆኑ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ አርሴኒክ ይታጠባል። አርሴኒክ ካንሰር አምጪ ነው። አሜሪካ ውስጥ አምራቾች ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምተው እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት ማምረት አቆሙ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2004 ጥብቅ ገደብ ጣለበት። ይሁንና በብዙ አገር ለኤሌክትሪክና ለአጥር ምሰሶ አሁንም ይሠራበታል። ከዚያ በፊት የተሠራ አጥርና በረንዳም እየፈረሰ “ያገለገለ ጥሩ ጣውላ” ተብሎ ይሸጣል። ለመደብ የሚሆን አይደለም።

“ታዲያ በምን ልለየው?” ካላችሁ፣ እዚህ ላይ ዓይን አይታመንም። ሲሲኤ አዲስ ሲሆን አረንጓዴ ይመስላል። በመዳብ ብቻ የታከመውም አረንጓዴ ይመስላል። ሁለቱም ፀሐይ ሲመታቸው ግራጫ ይሆናሉ። እርግጠኛ የሚያደርገው የላብራቶሪ ምርመራ ነው። እሱ ደግሞ ከአዲስ ጣውላ ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ የማይታወቅ፣ ከውጭ ሥራ የፈረሰ እንጨት ለሌላ ነገር ይዋል። በነፃ ቢሰጧችሁም።

ዛሬ በብዙ ቦታ ሲሲኤን የተኩት ኤሲኪው እና ኮፐር አዞል የሚባሉት ናቸው። አርሴኒክም ክሮሚየምም የላቸውም። ዋናው ነገራቸው መዳብ ነው፣ ከእሱ ጋር ሌላ ፀረ ፈንገስ ይጨመርበታል። መዳብም ይታጠባል፣ ግን እንጨቱ አጠገብ ባለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ተይዞ ይቀራል እንጂ ሩቅ አይሄድም። መዳብ ለሰውም ለተክልም በትንሹ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው። ሲበዛ ደግሞ ከሰው በፊት የሚታመመው ተክሉ ነው፣ ሥሩ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። አርሴኒክ ላይ እንዲህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ስህተት የሚሆነው።

እንደ እኔ ሐሳብ፣ ያልታከመ እንጨት የሚገኝ ከሆነ ነገሩን ማወሳሰብ አያስፈልግም። ምስጥ ያስቸገረበት ቦታ ከሆነ ወይም መደቡን በየጊዜው ማደስ የማይታሰብ ከሆነ ግን በመዳብ የታከመ አዲስ ጣውላ ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ጫፉ ላይ የተመታው ወረቀት ወይም ማኅተም የኬሚካሉን ስም ይናገር። ሁለተኛ፣ መሬት እንዲነካ የታከመ መሆኑን ያሳይ። በአውሮፓ ዩሲ 4፣ በሰሜን አሜሪካ ዩሲ 4ኤ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በደቡብ አፍሪካ ኤች 4 ይላል። ከዚያ በታች ከሆነ ኬሚካሉንም ተሸክማችሁ መበስበሱም አይቀርላችሁም። ስትቆርጡት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ሰጋቱራውን ጠርጋችሁ ሰብስቡ፣ መደቡ ውስጥ እንዳይገባ። ተራ ሚስማርም አትምቱበት፤ መዳቡ ብረቱን በፍጥነት ይበላዋል። ዚንክ በደንብ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ብሎን ነው የሚሆነው።

የባቡር ሐዲድ እንጨት ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፣ ለመደብ የተሠራ ነው የሚመስለው። ግን አብዛኛው በክሪዮሶት የተነከረ ነው። ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጥቁር ቅባት ሲሆን፣ ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች የተከማቹበት ነው። ፀሐይ ሲበረታ ከእንጨቱ ላይ እንደ ላብ ይወጣል፣ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሠላሳ ዓመት አገልግሎ የወጣ እንኳ ውስጡ ክሪዮሶት አለው። የድሮ የኤሌክትሪክ ምሰሶም እንዲሁ። ብዙው በክሪዮሶት፣ በሲሲኤ ወይም በፔንታክሎሮፌኖል የታከመ ነው። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2015 የስቶክሆልም ስምምነት ውስጥ ገብቶ ዓለም እንዲያስወግደው ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ተመድቧል። ስለ ሐዲዱም ስለ ምሰሶውም መከራከር አያስፈልግም። ይቅሩ።

ቤት ውስጥ የሚሠራው “ሕክምና” ደግሞ ከፋብሪካው ሊብስ ይችላል። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ሰው አለ። ርካሽ ነው፣ አንዳንዴም ነፃ ነው። ዘይቱ ግን ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና በቃጠሎ የተፈጠሩ መርዛማ ውህዶችን ይዟል። እንጨቱ ላይ አይቀመጥም፣ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ለአጥር እንኳ የማይመከር ነገር ለሰላጣ መደብ ጨርሶ አይታሰብም። ቦሬትም አለ፣ ለሰው ብዙ የማያሰጋ የእንጨት መድኃኒት ነው፤ ግን በውኃ ስለሚታጠብ እርጥብ አፈር አጠገብ አይቆይም፣ ታጥቦ የወጣው ቦሮንም ሲበዛ ተክል ይጎዳል።

የግድ መቀባት ካለባችሁ ጥሬ የተልባ ዘይት ይሻላል። ተአምር አይሠራም፣ ውኃ የሚገባበትን ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፣ በየጊዜውም መደገም አለበት። “የተፈላ” ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውህድ የተጨመረበት ነው፣ እሱን ተዉት። እና አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ፓሌት ላይ ያለው ማኅተም

ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ተጭኖበት የሚጓጓዘው የእንጨት መደርደሪያ፣ በነፃ ይገኛል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው እጁ ወደ እሱ ይሄዳል። ድንበር የሚሻገር ፓሌት አይኤስፒኤም 15 በሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ነፍሳት እንዳይዛመቱበት መታከም አለበት። የታከመ መሆኑን የሚናገር ማኅተም ተተኩሶ ወይም ታትሞ ጎኑ ላይ ይገኛል። የስንዴ ዛላ ሥዕል አለው፣ አጠገቡ ሁለት ፊደል የአገር ምልክት፣ የአምራች ቁጥር፣ ከዚያ በላቲን ፊደል የተጻፈ የሕክምና ምልክት። ዋናው ይህ የመጨረሻው ነው።

ኤች እና ቲ ከሆነ እንጨቱ በሙቀት ብቻ ታክሟል፤ ውስጡ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። ኬሚካል የለበትም። ኤም እና ቢ ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗል፤ ተዉት። ምንም ማኅተም የሌለው አገር ውስጥ ብቻ ሲዞር የነበረ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ማኅተሙ ግን ስለ እንጨቱ እንጂ ስለ ጭነቱ አይናገርም። ፓሌቱ ላይ ፀረ ተባይ ፈስሶበት ይሆናል፣ ቅባት ነክቶት ይሆናል። እድፍ ያለበት፣ የሚሸት ወይም ቀለም የተቀባ ከሆነ እለፉት። ደግሞ በሙቀት መታከሙ ከመበስበስ አያድነውም። ሙቀቱ በዚያን ቀን የነበረውን ነፍሳት ገደለ እንጂ ለነገ ምንም አልተወለትም። የፓሌት ጣውላ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ዓመት ካገለገለ በቂ ነው።

ኮምፔንሳቶ፣ ችፑድና ኤምዲኤፍ ላይ ብዙ አልቆይም። ሙጫ ያለባቸው ናቸው፣ አብዛኞቹም ውኃ ሲነካቸው አብጠው ይገነጣጠላሉ። አሮጌ ቀለም የተቀባ በርና መስኮትም አያስፈልግም፤ የድሮ ቀለም ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል።

ርካሽ የሚባለው የትኛው ነው?

ዋጋውን ለዓመቱ አካፍሉት። አንድ ተራ ጣውላ አራት ዓመት ቢቆይና ጠንካራው በሦስት እጥፍ ዋጋ አሥራ አምስት ዓመት ቢቆይ፣ ጠንካራው በትንሹ ይረክሳል፣ ከመነቃቀልም ያድናል። በአምስት እጥፍ ዋጋ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በኪራይ ቤት ያለ ወይም መደቡን እየሞከረ ያለ ሰው ለአሥራ አምስት ዓመት እንጨት መግዛቱ ራሱ አይገባኝም። ያልታከመ ተራ ጣውላ ይግዛ፣ ይበስብስ፣ ይተካው። የሚበሰብስ ንጹሕ እንጨት አፈሩን አይመርዝም።

ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ቅርጹ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ መደብ ዙሪያው 7.2 ሜትር ነው። ያንኑ የመትከያ ስፋት 0.6 በ4.8 ሜትር አድርጋችሁ ብትሠሩት ዙሪያው 10.8 ሜትር ይሆናል። ለተመሳሳይ ቦታ አንድ ተኩል እጥፍ እንጨት ማለት ነው። ከ1.2 ሜትር በላይ ማስፋት ግን አይመከርም፣ ከሁለቱም ጎን እጅ መሐሉ ድረስ አይደርስም። ቁመቱንም አስቡበት። የመደቡ ታች ክፍት ከሆነና የታችኛው መሬት ደህና ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው አትክልት ይበቃል፤ ሥሮቹ ወደ ታች ይቀጥላሉ። 40 ማድረግ እንጨቱንም አፈሩንም እጥፍ ያደርጋል።

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ውፍረት ላይ ይውጣ። 5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ከ2.5ቱ በጣም የተሻለ ዕድሜ አለው፣ ፈንገሱ የሚበላው ብዙ ስለሆነ። ሌላው ጥቅሙ አለመቆልመሙ ነው። ያ 1.2 በ2.4 ሜትር መደብ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው እርጥብ አፈሩ አንድ ቶን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ቀጭን ጣውላ ይገፈትራል። በየአንድ ሜትሩ ካስማ አቁሙለት።

በውስጥ በኩል ፖሊኤቲሊን ላስቲክ መለጠፍ ላይ ሰው ይከራከራል። በመዳብ የታከመ እንጨት ከሆነ ጥሩ ነው፣ አፈሩን ከእንጨቱ ይለያል። የመደቡን ታች ግን አትዝጉት፣ ውኃው መውጫ ያጣል። ያልታከመ እንጨት ላይ ጥቅሙ አጠያያቂ ነው፤ ከጀርባው የገባ ውኃ መድረቂያ አጥቶ እዚያው ሊቀር ይችላል። መደቡን የቤት ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ግን ጨርሶ አይሆንም። እርጥበቱ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ምስጥ ካለ ደግሞ ድልድይ ሠራችሁለት ማለት ነው። ክፍተት ተዉለት።

እንጨት ያለመግዛት ምርጫም አለ። አፈሩን ወደ ላይ ከምራችሁ ጎኑን ዘቅዘቅ አድርጋችሁ ብትተዉት መደብ ነው። ዝናብ ትንሽ ይሸረሽረዋል፣ በየወቅቱ ትስተካክሉታላችሁ።

መደቡ ያረጀ ቀን ደግሞ ልዩነቱ እንደገና ይመጣል። ኬሚካል ያልነካው እንጨት ተሰባብሮ ከብስባሽ ክምር ሥር ይገባል ወይም ይነዳል። የታከመው መቃጠል የለበትም፣ በተለይ ምግብ ማብሰያ ላይ። ሲሲኤ ሲቃጠል የአርሴኒኩ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ውስጥ ይከማቻል፣ አመዱን ለአፈር ማዳበሪያ ብሎ የበተነ ሰውም በአንድ ጊዜ ብዙ መርዝ ይጨምራል። በአካባቢያችሁ አደገኛ ቆሻሻ የሚረከብ ክፍል ካለ ለእሱ ይሰጥ። “ለማገዶ ስጡኝ” ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሰው ግን አትስጡ፣ ለምን እንደማይሆንም ንገሩት።